ነጂው ለሞተሩ የገዘፈው ለምንድን ነው? ስለ 1973ቱ የኢቭል ክኒቭል አሻንጉሊት ሞተር ሳይክል የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ በምኖርበት በሜሪላንድ፣ ከአንድ የሟች ቤት የዕቃ ሽያጭ ላይ፣ የአሜሪካዊውን የሞተር ሳይክል ዘላይ የኢቭል ክኒቭልን፣ በእጅ መዘውር ተዙሮ የሚለቀቅ አሻንጉሊት ሞተር ሳይክልና ነጭ ልብስ የለበሰ ነጂውን ገዛሁ። ሻጮቹ የ1973 ዕቃ ነው ብለውኛል። ነገር ግን ነጂው ለሞተሩ የገዘፈ መሰለኝ፤ ሞተሩም ከእውነተኛው ጋር ሲነጻጸር ደንደን ያለ ነው፤ የነጂው አንድ ክንድ ደግሞ እንደ ተንጠለጠለ ቀርቷል። ዕቃው እውነተኛ ነው ወይስ በኋላ የተሠራ ቅጂ? መዘውሩን ላዙረው ወይስ ልተወው? የስድስት ዓመት ልጄስ ቢጫወትበት ምን ይላሉ?

ምላሽ፦ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ካስጠረጠረዎት ነገር ልጀምር፤ የነጂውና የሞተሩ መጠን አለመመጣጠን የቅጂነት ምልክት አይደለም። እንዲያውም ሁለቱ በሚሊ ሜትር ተለክተው የተሠሩ ቢመስሉ ኖሮ ይበልጥ የምጠራጠረው ያኔ ነበር።

ስኬል የሚባለው ነገር፣ ማለትም ቅጂው ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያንስ የሚገልጸው ልክ፣ ትርጉም የሚኖረው ሠሪው አስቀድሞ ቃል ሲገባበት ብቻ ነው። የጃፓኑ ታሚያ በ1 ለ 12 ስኬል የሚያወጣቸውን ተገጣጣሚ ሞተር ሳይክሎች ብንወስድ፣ ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው በዚያ ስኬል 15 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይገባል፤ ከዚያ በግልጽ ከበለጠ ወይም ካነሰ ሠሪውን መውቀስ ይቻላል። የእርስዎ ነጂ ግን ቀጥ ብሎ ሲቆም ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ በዚሁ ስሌት 1 ለ 10 ገደማ መሆኑ ነው። ሞተሩ ደግሞ የተቀረጸው በስሌት ሳይሆን በሦስት ግዴታዎች ነው፤ ውስጡ ከባድ የሚሽከረከር አካል መያዝ ነበረበት፣ የሕፃን እጅ ጨብጦ ማስነሻው ላይ ሊያስቀምጠው መቻል ነበረበት፣ ከሁሉም በላይ በቀን ብዙ ጊዜ ከግድግዳ ጋር ተላትሞ መትረፍ ነበረበት። ክኒቭል ከ1970 መጨረሻ ጀምሮ ለዝላይ የተጠቀመበት ሃርሊ ዴቪድሰን ኤክስ አር 750 በአፈር መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ለመሮጥ የተሠራ፣ ትርፍ ነገር የሌለው ቀጭን ሞተር ነው። ከእነዚህ ሞተሮች አንዱ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ስላለ፣ ፎቶግራፉን ከእርስዎ ዕቃ ጎን አስቀምጠው ቢያዩት አሻንጉሊቱ ምን እንደ ጠበቀና ምን እንደ ተወ ወዲያው ይገባዎታል፤ ጠቅላላ አቋሙንና የቀለሙን ጠባይ ጠብቋል፣ ቅጥነቱን ግን መሥዋዕት አድርጓል። በቅርጽ ብቻ ብፈርድበት መካከለኛ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ይህ ዕቃ በቅርጹ ብቻ የሚፈረድበት ዕቃ አለመሆኑን ግን ወደ ታች እንደርስበታለን።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ አሻንጉሊት እንዴት ተፈጠረ? ኢቭል በሚል ቅጽል የታወቀው ሮበርት ክሬግ ክኒቭል በ1938 በሞንታና ግዛት በቡት ከተማ ተወለደ፤ በመላው አሜሪካ የታወቀውም ተሳክቶለት ሳይሆን ወድቆ ነው። በታኅሣሥ 31 ቀን 1967 በላስ ቬጋስ የሲዘርስ ፓላስ ሆቴልን ፏፏቴዎች በትሪያምፍ ሞተር ሲዘል ማረፊያው ላይ ሚዛኑን ስቶ እንደ ጨርቅ እየተንከባለለ የወደቀበት ፊልም በየቤቱ ታየ። የኒው ዮርኩ አይዲያል የአሻንጉሊት ኩባንያ በ1972 የክኒቭልን ተጣጣፊ አክሽን ፊገር (የሰው ቅርጽ ያለው መጫወቻ)፣ በ1973 ደግሞ በመዘውር የሚነሣውን ሞተር ሳይክል ሲያወጣ የተረዳው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ሕፃናቱ ማየት የፈለጉት ዝላዩን ብቻ ሳይሆን አወዳደቁንም ጭምር ነው። ስለዚህ ነጂው ከሞተሩ ጋር አልተጣበቀም፤ ይያዛል፣ ሲጋጭ ይለቃል፣ ይወረወራል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። አይዲያል በ1972 እና በ1977 መካከል ከ125 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የክኒቭል አሻንጉሊት ሸጧል። በመስከረም 1977 ክኒቭል ስለ እርሱ መጽሐፍ የጻፈን አንድ ሰው በቤዝቦል ዱላ ደብድቦ እጁን ከሰበረ በኋላ ለእስር ተዳረገ፤ ስፖንሰሮቹም ሸሹት፤ የአሻንጉሊቱ የመጀመሪያ ዘመንም በዚሁ አበቃ።

ወደ መሣሪያው እንግባ፤ የዚህ ዕቃ እውነተኛ ውበት ያለው እዚህ ነው። ሞተሩ ባትሪም የሚጠመዘዝ ሞላም የለውም። ኢነርጃይዘር የተባለው ማስነሻ በውስጡ ማርሾች አሉት፤ መዘውሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ማርሾቹ ዙሩን አብዝተው ከኋላ ጎማው ጋር ለተያያዘው ከባድ መንኮራኩር ያስተላልፉታል። በቂ ፍጥነት ካገኘ በኋላ ሞተሩ ከማስነሻው ሲለቀቅ፣ በዚያ መንኮራኩር ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት ወለሉን እየገፋ ወደ ፊት ያስወነጭፈዋል። በሚሽከረከር አካል ውስጥ የሚጠራቀመው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በእርጋታ ለረጅም ጊዜ ያዞረ ልጅ ብዙ ርቀት የማያገኘው፣ ለጥቂት ሰከንድ በኃይል ያዞረ ግን መንገደኛ እስኪደናገጥ ድረስ የሚያስወነጭፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በሁለት ጎማ ብቻ እየሄደ የማይወድቅበትን ምሥጢር ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አገር ቤት ያደገ ሰው የብስክሌት ቸርኬ በእንጨት እየገፋ የሮጠበትን ጊዜ ያስታውሳል፤ ቸርኬው እስከ ፈጠነ ድረስ ጠጠር ቢያገኘውም ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሲዘገይ ይወላገዳል፣ በመጨረሻም ዞሮ ዞሮ ይተኛል። በፍጥነት የሚሽከረከር ነገር ዘንጉ የሚያመለክተውን አቅጣጫ በቀላሉ አይለቅም፤ ክብደቱ ወደ ጠርዝ በራቀ ቁጥርና ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይጸናል። የአሻንጉሊቱ ንድፍ ያተረፈው ብልኃት አንዱን መንኮራኩር ለሁለት ሥራ ማዋሉ ነው፤ ሞተሩን የሚገፋው ጉልበትም፣ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ጽናትም ከአንድ ቦታ ይመነጫሉ። ቀደም ብዬ ደንደን ያለው አካል ግዴታ ነበር ያልኩት ለዚህ ነው። ሠሪው ለእውነተኛው ሞተር ቅጥነት ታማኝ ልሁን ቢል ኖሮ መንኮራኩሩ ይቀልል፣ አሻንጉሊቱም ሁለት ክንድ ሳይሄድ በጎኑ ይተኛ ነበር። በእኔ ግምገማ በዘመኑ ከወጡት አሻንጉሊት ሞተር ሳይክሎች ሁሉ በአሠራሩ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጡት፣ ብሎናቸው ሳይቀር የተቀረጸላቸው የመስታወት ሣጥን ሞተሮች ከመደርደሪያው ሲወርዱ የሚያሳዩት ምንም ነገር የላቸውም።

አሁን ወደ እውነተኛነቱ። የክኒቭል ሞተር ከመጀመሪያው ዘመኑ በኋላ እንደገና ተሠርቷል፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕሌይንግ ማንቲስ፣ በ2020 አካባቢ ደግሞ ካሊፎርኒያ ክሪኤሽንስ የተባሉ ኩባንያዎች በሕጋዊ መንገድ አውጥተውታል። እነዚህን ሐሰተኛ ብሎ መጥራት ተገቢ አይደለም፤ ነገር ግን የ1973 ዕቃ ተብለው ሲሸጡ ማታለል ይሆናል። ሣጥኑ አብሮ ከመጣ ሥራው ቀላል ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የባር ኮድ ግብይት የተከናወነው በሰኔ 1974 በኦሃዮ ግዛት በአንድ ሱፐርማርኬት ስለሆነ፣ ባር ኮድ ያለበት ሣጥን የ1973 ሣጥን ሊሆን አይችልም፤ የድረ ገጽ አድራሻ ወይም የአውሮፓ የደኅንነት ምልክት የሆነው ሲ ኢ ከታየበት ደግሞ ጥያቄው እዚያው ያበቃል። ሣጥን ከሌለ በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸውን የሠሪ ስም ይፈልጉ፤ ስቲከር ላይ የታተመ ጽሑፍ ሊተካ ይችላል፣ ከፕላስቲኩ ጋር በቅርጽ ማውጫው ውስጥ አብሮ የተወለደ ጽሑፍ ግን በቀላሉ አይዋሽም። ሞተሩን፣ ማስነሻውንና ነጂውን ለየብቻ ይመርምሩ። በየሟች ቤቱ የሚገኝ ዕቃ ብዙ ጊዜ የተዳቀለ ነው፤ ማስነሻው የተሰበረበት ልጅ ከጎረቤት ማስነሻ ተውሶ ሳይመልስ የቀረ ይሆናል፣ ወይም አንድ ሰብሳቢ የጎደለውን ከአዲሱ ምርት ሞልቶት ይሆናል። አንዱ ክፍል እውነተኛ መሆኑ ለሌላው ምስክር አይሆንም።

ከቅርጹ ጽሑፍ ሌላ እኔ የማምነው ምስክር ዕቃው ያለቀበት መንገድ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ነጭ ፕላስቲክ ብርሃን ባገኘው በኩል ቢጫ ያወጣል፣ ከስቲከሩ ሥር ያለው ግን እንደ ነጣ ይቀራል። ጭረቱ የሚከማቸው በመሪው ጫፎች፣ በእግር መርገጫዎችና በጎኑ ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲወድቅ ወለሉን የሚነካው በእነዚህ ነውና። ሁሉም ቦታ እኩል የተጫጫረ፣ ነገር ግን ጎማው ያልተላጨ ሞተር ካዩ አንድ ሰው በአሸዋ ወረቀት እንዳስረጀው ይጠርጥሩ። ጭረት በዚህ ዕቃ ላይ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም፤ ስንጥቅ፣ የጎደለ ክፍልና የማይሠራ ማርሽ ግን ይቆጠራሉ። የነጂው የራስ ቁር የሚወልቅ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ አብሮት የነበረው ትንሽ በትር ደግሞ ከዚያ በላይ። ሁለቱም አብረው ካሉ ዕድለኛ ነዎት።

ስለ ተንጠለጠለው ክንድ። ነጂው የተሠራው ለስላሳና እንደ ላስቲክ የሚታጠፍ ፕላስቲክ በሽቦ አጽም ላይ ተለብጦ ነው። ፒንሳ ያጣ ሰው ሽቦን ወዲያና ወዲህ እያጠፈ እንደሚበጥሰው ሁሉ፣ ሕፃኑም ክርኑንና ጉልበቱን ሺህ ጊዜ ሲያጥፍ ሽቦው ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይበጠሳል። የእርስዎ ነጂ ክንድ አጽሙ ተበጥሷል ማለት ነው። ምክሬ እንዳይነኩት ነው፤ የተበጠሰው ሽቦ ጫፍ የተሳለ ስለሚሆን እጥፍ ባደረጉት ቁጥር ላስቲኩን ከውስጥ ይወጋዋል፣ አንድ ጊዜ ብቅ ካለ በኋላ ደግሞ ቀዳዳው አይጋጠምም። ላስቲኩን ሰንጥቀው አዲስ ሽቦ የሚያስገቡ ጠጋኞች አሉ፤ በጣም ከተካነ እጅ በቀር ጥገናው ከጉዳቱ የባሰ ጠባሳ ስለሚተው እኔ አላደርገውም። የጨርቁ እጅጌ ክንዱን ሊደግፈው ይችላል፤ ለዕይታ ሲያስቀምጡት እጁ በጎኑ ወርዶ ይረፍ።

ከዚህ ቀጥሎ የምለውን ግን ጥንዱን በአንድነት የሚገመግሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ሞተሩና ነጂው የተለያዩ ቁሶች ናቸው፤ የሚያረጁበትም መንገድ የተለያየ ነው፤ ይባስ ብሎ አንዱ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ለስላሳ ፕላስቲክ ልስላሴውን የሚያገኘው ከተጨመረበት ማለስለሻ ኬሚካል ነው፤ ያ ኬሚካል በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ነጂው በእጅ ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ ይህ ተጀምሯል ማለት ነው። ከጠንካራ ፕላስቲክ ጋር ተጣብቆ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ኬሚካሉ ወደዚያኛው ይሻገርና ያለሰልሰዋል፣ እንደ ሙቅ ሰም ያሟሟዋል። ነጂው ለአሥርት ዓመታት እንደ ተቀመጠበት የቀረ ሞተር መሪው ላይ የጣቶች፣ ወንበሩ ላይ የጭን ቅርጽ ታትሞበት የሚገኘው ለዚህ ነው፤ ያንን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ነጂውን ሞተሩ ላይ አስቀምጠው ፎቶግራፍ ያንሡት፣ እንግዳ ሲመጣ ያሳዩት፣ ከዚያ ግን አውርደው ለየብቻ ያስቀምጡ። ለማከማቻ ከፖሊኢትሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ከረጢትና ከአሲድ ነጻ የሆነ ወረቀት ይጠቀሙ፤ ቪኒል ራሱ በማለስለሻ ኬሚካል የሚለሰልስ ፕላስቲክ ስለሆነ በቪኒል ከረጢት ማስቀመጥ ያንኑ ችግር ማራባት ይሆናል። ቦታው ከፀሐይና ከማሞቂያ የራቀ ይሁን፤ የጣሪያ ሥር ክፍልና ጋራዥ በሜሪላንድ የበጋ ሙቀት የሚመከሩ አይደሉም።

ለማጽዳት ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት የሳህን ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃሉ፤ ስቲከሮቹን ውኃ አያስነኩ፣ አልኮልም አያስጠጉባቸው። ብርማ ቅብ ባላቸው ክፍሎች ላይ ደግሞ ከእኔ ስህተት ይማሩ። ሥራውን በጀመርኩ ጊዜ የአንድ ደንበኛ አሻንጉሊት ላይ የደበዘዘውን ብር እንዲያብረቀርቅ ብዬ በብረት መወልወያ ቅባት ፈተግሁት፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግራጫ ፕላስቲክ ከሥሩ ብቅ አለ። እንዲህ ያለው ቅብ ብረት አይደለም፤ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ በትነት የተለበጠ፣ ከፀጉር እጅግ የሳሳ የአሉሚኒየም ሽፋን ነው፤ ከደረቅ ጥጥ በላይ የሚችለው ነገር የለም። ቢጫ ያወጣውን ነጭ ፕላስቲክ በሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ የሚያነጡም አሉ። ለጊዜው ይነጣል፤ ነገር ግን ፕላስቲኩ ሊሰባበር፣ ቀለሙም ዝንጉርጉር ሊሆን ስለሚችልና ቢጫውም ተመልሶ ስለሚመጣ እኔ አልደግፈውም።

መዘውሩን ያዙሩት ወይ? አዎን፣ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩን በእጅዎ ይዘው የኋላ ጎማውን በጣትዎ ቀስ አድርገው ያሽከርክሩ፤ ያለ መንቀርፈፍ የሚዞርና ጥቂት ቆይቶ የሚቆም ከሆነ ጤናማ ነው፤ የሚንቀራጨጭ ወይም የሚቆረጥ ድምፅ ካለ ፀጉርና ክር ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ሊሆን ስለሚችል በመቆንጠጫ ያውጡለት። ከዚያ ማስነሻውን ባዶውን፣ ሞተሩ ሳይቀመጥበት ያዙሩ። መዘውሩ አንድ ቦታ ላይ እየዘለለ የሚያልፍ ከሆነ የማርሽ ጥርስ ተሰብሯልና ያቁሙ፤ በግድ ማዞር የቀሩትን ጥርሶች ያስበላል። ሁለቱም ካለፉ፣ ሞተሩን ያለ ነጂው ማስነሻው ላይ አስቀምጠው በግማሽ ኃይል፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ኮሪደር ጫፍ ላይ ትራስ አድርገው ይልቀቁት። የአስፋልትና የሲሚንቶ ወለል ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። ማርሾቹ ከደረቁ ለፕላስቲክ የሚስማማ የሲሊኮን ዘይት ከሩዝ ፍሬ ባነሰ መጠን ጠብ ያድርጉ፤ ለዛገ ብሎን የሚረጩት ዘይቶች አንዳንዱን ፕላስቲክ ስለሚሰነጥቁ አይጠቀሙባቸው።

ልጅዎን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ በዚህኛው አይጫወት። ሞተሩን እንዳይሰብር ሰግቼ አይደለም፤ ለመሰበር ነበር የተሠራው። አሜሪካ ከ0.06 በመቶ በላይ እርሳስ ያለበትን ቀለም ለአሻንጉሊት እንዳይውል የከለከለችው በ1978 ነው፤ በ2008 በወጣው ሕግ ደግሞ መጠኑ ወደ 0.009 በመቶ ወርዷል፤ ታሌት የሚባሉት ማለስለሻ ኬሚካሎች በልጆች ዕቃ ውስጥ የተገደቡትም በዚያው ሕግ ነው። የ1973 ዕቃ ከሁሉም በፊት የተሠራ ነው። የሚያጣብቅ ላስቲክና የተቀባ ፊት ወደ አፉ ሊወስድ ለሚችል ልጅ አይሰጥም፤ በዚያ ላይ የተበጠሰ ሽቦ አለ። ከአዲሶቹ ምርቶች አንዱን ይግዙለትና ኮሪደሩን ለእርሱ ይተዉለት፤ ሲያስወነጭፍ ያዩታል፣ የአሮጌውም ዋጋ ይገባዎታል።

ስለ ገንዘብ ዋጋው ሲያጣሩ ሻጮች የጠየቁትን ሳይሆን ሽያጩ የተፈጸመበትን ዋጋ ብቻ ይመልከቱ፤ ለማነጻጸርም ሣጥን ያለውን ከሣጥን ከሌለው፣ የሚሠራውን ከማይሠራው ጋር አይደባልቁ። የመጨረሻ ፍርድ እንድሰጥ ከፈለጉ አራት ፎቶግራፎች ይበቁኛል፤ የሞተሩ ሆድ በጎን ብርሃን፣ የማስነሻው ታችኛ ክፍል፣ የነጂው ጀርባ ልብሱ ከፍ ተደርጎ፣ እና የመሪው መያዣ ከቅርብ። ልብሱን ሲገልጡ ከተበጠሰው ክንድ በኩል ሳይሆን ከአንገቱ ይጀምሩ።